፭፻፴፪

ይህ ቁጥር ለዓይን ትንሽ ነው። እኔ መቱ ላይ በባንክ ሥራ የምተዳደር በመሆኔ፣ ከርሱ ብዙ እጥፍ የሚበልጡ ቁጥሮች በየዕለቱ በእጄ ያልፋሉ። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ግን 532ን በዓመት ቈጥረው «ዐቢይ ቀመር» ብለውታል፤ በዓመት ሲቈጠር ከሰው ዕድሜ ሁሉ ይረዝማልና።

የቁጥሩ አወቃቀር እንዲህ ነው። የሳምንቱ 7 ዕለታት በ4ቱ ወንጌላውያን ዓመታት ሲባዙ 28 ይሆናሉ፤ ይህ ዐውደ ፀሐይ ነው። ጨረቃ ከፀሐይ ዓመት ጋር የምትታረቅበት ዐውደ አበቅቴ ደግሞ 19 ነው። 28 የአካፋዮቹ ድምር (1+2+4+7+14) ራሱን የሚመልስ ፍጹም ቁጥር ሲሆን፣ 19 ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ብቸኛ ቁጥር ነው። ሁለቱን በጋራ የሚያካፍል ከ1 በቀር ስለሌለ፣ ከ28 ጊዜ 19፣ ማለትም ከ532 ዓመት በፊት ከቶ አይገናኙም። የ76 ዓመቱ ዐውደ ማኅተምም ሰባት ጊዜ ሲታጠፍ እዚሁ ይደርሳል።

ትውፊታችን ባሕረ ሐሳብን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጣል። የታሪክ ጸሐፊዎች በበኩላቸው የ532 ዓመቱን ዑደት በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከነበረው ከእስክንድርያው መነኩሴ ከአንያኖስ ጋር ያያይዙታል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለእኛ ለኢሉባቦር ሰዎች ምናችን ነው? ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ከአዲስ አበባ ወጡ። ከመቱ ብዙ የማትርቀው ጎሬ የመንግሥቱ ጊዜያዊ መቀመጫ ሆነች። በኅዳር 1929 ዓ.ም. እርሷም በኢጣሊያ ጦር ተያዘች፤ የጎሬው ጳጳስ አቡነ ሚካኤልም በወራሪው እጅ ተገደሉ።

መንግሥት በሌለበት፣ ጳጳስ በተገደለበት በዚያ ዓመት ፋሲካን ማን ያውጅ? መልሱ በሒሳቡ ውስጥ ነበረ። 5500 ሲደመር 1929፣ ዓመተ ዓለም 7429 ይሆናል። ይህን በ532 ስንገድፈው 13 ዐቢይ ቀመር ይወጣና 513 ይተርፋል። በዐቢይ ቀመር 513ኛ ዓመት ፋሲካ የሚውለው ሚያዝያ 24 ቀን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከወጡ ልክ በዓመቱ ማለት ነው! ቀመሩን የሚያውቅ ሰው በየትኛውም ጫካ ቢሸሸግ፣ መልእክተኛ ሳይጠብቅ፣ ከሌላው ጋር አንድ ቀን ላይ ይደርሳል። ወራሪ ከተማን ይይዛል፤ ቀሪን ግን መያዝ አይችልም።

በዳዊት ዘመነ መንግሥት፣ በ1397 ዓ.ም.፣ ፋሲካ በዚያው ቀን ውሎ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ቁጥሩ እንከን አያጣውም። በወረቀት ላይ ሒሳቡ ያለ ጉድለት ይዘጋል፤ የሰማይዋ ጨረቃ ግን በየ19 ዓመቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ትቀድመዋለች። በ532 ዓመት ልዩነቱ ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ይሆናል። ሊቃውንቱ የጠበቁት የጨረቃን ጉዞ ብቻ አልነበረም፤ የሕዝቡን አንድነት ጭምር እንጂ።

አሁን ያለንበት 15ኛው ዐቢይ ቀመር በ1949 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ2480 ይፈጸማል። ሥርዓቱ ካልተለወጠ በ2461 ዓ.ም. ፋሲካ ዳግመኛ ሚያዝያ 24 ይውላል። ቁጥሩ ዕለቲቱን ያለ ስሕተት ይመልሳታል። ጎሬን፣ አቡነ ሚካኤልንና የዚያን ዓመት ጾመኞች ግን ቁጥር አይመልስም፤ ያ የእኛ ዕዳ ነው።