በአንድነት ለመሥራት በአንድነት መማር፦ የጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ታሪክና ያስተማረን ቁም ነገር

መግቢያ

ጤና ጣቢያ የአንድ ሙያ ሰው ብቻውን የሚሠራበት ቦታ አይደለም። በሽተኛውን የሚመረምር፣ እናቶችንና ሕፃናትን የሚከታተል፣ የመጠጥ ውሃውንና የመጸዳጃውን ሁኔታ የሚቆጣጠር፣ የደም ናሙናውን በአጉሊ መነጽር የሚያይ ልዩ ልዩ ሠራተኛ ያስፈልገዋል። እነዚህ ሠራተኞች በየትምህርት ቤታቸው ተለያይተው ከተማሩ በኋላ፣ በሥራ ላይ ሲገናኙ ይተባበራሉ ብሎ መጠበቅ የተለመደ ነው። ትብብር ግን እንደ ማናቸውም ችሎታ ካልተማሩት አይገኝም። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን በአገራችን ቀድሞ በሥራ ላይ ካዋለው ተቋም፣ ማለትም ከጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ታሪክ አንጻር ይመለከታል።

የኮሌጁ መነሻ

እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን በሚገኘው በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሕዝብ ፈጀ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የሕክምና ፋኩልቲ አልነበረም፤ የአዲስ አበባው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። የነበሩት ጥቂት ሐኪሞች አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ሲሆኑ፣ የሚሠሩትም በከተሞች ነበር። ይሁን እንጂ ወረርሽኙ ያጋለጠው ችግር በሐኪም ቁጥር ማነስ ብቻ የሚገለጽ አልነበረም። ትንኝ የሚራባበት ውሃ ካልተፋሰሰ፣ ቤቱ በፀረ ትንኝ መድኃኒት ካልተረጨ፣ እናት ትኩሳት የያዘውን ልጇን ፈጥና ካላመጣች፣ አንድ ሐኪም ቢገኝም የሚያድነው ጥቂቱን ነው።

በዚህ ምክንያት በ1947 ዓ.ም. መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና ከአሜሪካ መንግሥት ባገኘው እርዳታ ኮሌጁን በጎንደር ከተማ ከፈተ። የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች በአንድ ተቋም ይሠለጥኑ ጀመር። ቆየት ብሎም የላቦራቶሪ ቴክኒሺያኖች ተጨመሩ።

የሥልጠናው አካሄድ

የኮሌጁ ልዩ ባሕርይ ሥርዓተ ትምህርቱ ከሥራው ቦታ ተነሥቶ የተቀረጸ መሆኑ ነው። በዕቅዱ መሠረት ለ50,000 ሕዝብ አንድ ጤና ጣቢያ እንዲኖርና በሥሩም አነስተኛ የጤና ኬላዎች እንዲታቀፉ ታስቦ ነበር። ጤና ጣቢያውን የሚመራው የጤና መኮንን ሲሆን ነርሷና ሳኒታሪያኑ ከጎኑ ይሰለፋሉ። ኮሌጁ ያሠለጠነው እንግዲህ ነጠላ ባለሙያዎችን ሳይሆን፣ የሚጠብቃቸው የሥራ ቦታ አስቀድሞ የታወቀ አንድ ቡድን ነው።

የጤና መኮንኑ ሥልጠና ሦስት ዓመት ትምህርትና አንድ ዓመት የተግባር ልምምድ ነበር። የሌሎቹ ሙያዎች የትምህርት ዘመን ከዚህ ያንሳል። ስለዚህ ሁሉንም ትምህርት በአንድ ክፍል መስጠት አይቻልም፤ አስፈላጊም አልነበረም። የሚገናኙት በተለይ በመስክ ላይ ነበር። በደምቢያ እንደሚገኘው እንደ ቆላ ድባ ባሉ የማሠልጠኛ ጤና ጣቢያዎች ተማሪዎቹ በአንድ ሕዝብ መካከል ይሠሩ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ሥልጠና ጥቅም በምሳሌ ሲታይ ግልጽ ይሆናል። አንድ ሕፃን ተቅማጥ ይዞት ቢመጣ የጤና መኮንኑ ያክመዋል፤ ነርሷ ቤቱ ድረስ ሄዳ እናቲቱን ትመክራለች፤ ሳኒታሪያኑም ቤተሰቡ የሚቀዳበትን ምንጭ ይመረምራል። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሕፃኑ በዚያው በሽታ ተመልሶ ይመጣል። ይህን በንግግር ከማስረዳት ይልቅ በአንድ መንደር አብሮ ማየቱ ይበልጥ ያስተምራል።

ያጋጠሙ ችግሮች

ይሁን እንጂ በጋራ መሠልጠን ብቻውን ሁሉን አላቀናም። የጤና መኮንኑ ዲግሪ ሲሰጠው ሌሎቹ ከዚያ ዝቅ ባለ የምስክር ወረቀት ይመረቁ ስለ ነበር፣ ቡድኑ ገና ከጅምሩ የማዕረግ ልዩነት ነበረበት። ከዚህም ይልቅ የከበደው የጤና መኮንኑ የራሱ ዕድል ነው። በሙያው ውስጥ የሚያድግበት መንገድ ጠባብ በመሆኑ ብዙዎች ጤና ጣቢያውን ትተው ሕክምና ለመማር ሄዱ። የቡድኑ መሪ ሲሄድ የቡድኑ አሠራር ይላላል። እንግዲህ ኮሌጁ የገነባውን የሠራተኛ አስተዳደር ሊያፈርሰው እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

እ.ኤ.አ. በ1978 የጤና መኮንኖች ሥልጠና ተቋርጦ፣ ኮሌጁ በጊዜው በምሥራቅ ጀርመን በነበረው በላይፕዚግ የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ እርዳታ ወደ ሕክምና ኮሌጅነት ተለወጠ። አገሪቱ ሐኪም ያስፈልጋት ስለ ነበር ውሳኔው ያለ ምክንያት አልተደረገም። ሆኖም በዚያው ዓመት በአልማ አታ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ባወጣው መግለጫ፣ የመሠረታዊ ጤና አገልግሎት ሠራተኞች በቡድን ለመሥራት እንዲሠለጥኑ አሳሰበ። ዓለም ወደዚህ ሐሳብ ሲመጣ እኛ በሃያ አራት ዓመት ልምድ የተፈተነውን የቡድን ዋና አካል አጥፈን ነበር።

የሐሳቡ መመለስ

ሐሳቡ ግን ጨርሶ አልጠፋም። በ1975 ዓ.ም. የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ትምህርቱን በኅብረተሰቡ ውስጥ መሠረተ፤ ልዩ ልዩ ሙያ የሚያጠኑ ተማሪዎችንም ለመመረቅ ሲቃረቡ በአንድነት ወደ ጤና ጣቢያ የሚልክ የቡድን ሥልጠና ዘረጋ። የጤና መኮንኖች ሥልጠናም በ1980ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ እንደገና ተጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1988 በጋራ ስለ መማር የባለሙያዎች ሪፖርት፣ በ2010 ደግሞ የአሠራር ማዕቀፍ አወጣ። ጎንደር ሥራውን የጀመረው ከመጀመሪያው ሰነድ 34 ዓመት ቀድሞ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ሦስት ቁም ነገሮችን ሊያገኙ ይችላሉ። አንደኛ፣ የልዩ ልዩ ሙያ ተማሪዎችን በአንድ አዳራሽ ማስቀመጥ የጋራ ትምህርት አይባልም፤ አንዱ ያለ ሌላው ሊፈታው የማይችለው ችግር ሊቀርብላቸው ይገባል። ሁለተኛ፣ ሥርዓተ ትምህርት ከሥራው ቦታ ተነሥቶ ካልተቀረጸ ተመራቂው የተማረውን ትብብር የሚያውልበት አያገኝም። ሦስተኛ፣ ምደባው፣ ደመወዙና የዕድገት መሰላሉ ከሥልጠናው ጋር አብረው ካልታቀዱ፣ በትምህርት ቤት የተገነባው ቡድን በሥራ ላይ ይበተናል።

ይህ ለጤና ሠራተኞች ብቻ የሚነገር አይደለም። መምህሩ፣ የግብርና ሠራተኛውና የጤና ሠራተኛው በአንድ ቀበሌ አንድ ሕዝብ ያገለግላሉ። እስከ ዛሬ የሚሠለጥኑት ግን በየበኩላቸው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ብሂል በሁሉም አፍ አለ፤ ድሩን የሚያሳብረው ሥልጠና ግን ገና በዕቅዳችን ውስጥ ተገቢ ቦታውን አላገኘም።