«የገንዘብ ደህንነት» ወይስ የኑሮ መደላደል?

በየስልጠናውና በየማስታወቂያው «የገንዘብ ደህንነት» የሚል ስያሜ እየተለመደ ነው። ዕዳውን ሳይጨነቅ የሚከፍል፣ ድንገተኛ ወጪ የማያናጋው፣ ለነገውም የሚያቅድ ሰው ያለበትን ሁኔታ እንዲገልጽ የታሰበ ነው። ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ ስያሜው ግን ባለቤቱን ስቷል። «የምግብ ደህንነት» ስንል ከብክለት የሚጠበቀው ምግቡ ነው፤ «የመረጃ ደህንነት» ስንልም መረጃው። በዚሁ አካሄድ «የገንዘብ ደህንነት» የሚያስታውሰው ካዝናና ዘበኛ ነው፤ ወር በገባ ቁጥር ከደመወዙ የሚቆረጥበት ወጣት የለበትም። «ፋይናንሻል ጤንነት» የሚሉም አሉ፤ እሱስ ገና ግማሹ አልተተረጎመም።

እኔ «የኑሮ መደላደል» እላለሁ። ደለደለ ጎርባጣውን መሬት አስተካከለ ማለት ነው፤ ቤት የሚያርፍበት መደላድልም ከዚሁ ግስ ወጥቷል፤ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ተዳፋት ነዋሪ ይህ ማብራሪያ አያሻውም። «ገንዘቡ ከስያሜው ጠፋ» የሚል ይነሣ ይሆናል። አልጠፋም፤ በጀት ሲከፋፈል ተደለደለ፣ ክፍፍሉም ድልድል ይባላል። «ሳይንሱ ፋይናንስ የሚለውን ቃል ይፈልጋል» ለሚልም፣ ፋይናንስ ራሱ ሥሩ በጥንቱ ፈረንሳይኛ ዕዳን ከፍሎ መጨረስ ነበር፤ እሱም ከኑሮ የተነሣ ቃል ነው። መደላደል ሀብታምነት ይመስላል የሚለው ተቃውሞ ይከብዳል። ሆኖም ገበሬ «ኑሮዬ ተደላደለ» ሲል ባለጸጋ ሆንኩ ማለቱ አይደለም፤ ከእጅ ወደ አፍ መኖር ቀረልኝ ማለቱ ነው።

ቃሉ በወጪ መጋራት ይፈተን። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን፣ ከትምህርቱ ወጪም ቢያንስ 15 በመቶውን ኋላ ሊከፍል ውል ይፈርማል፤ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጥበታል። (መጋራት መባሉም ያከራክራል፤ ተማሪው ግን «ኮስት ሼሪንግ» ብሎት አልፏል።) ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ነፋስ መውጫ ወይም መካነ ኢየሱስ ሥራ አጥቶ የተቀመጠ ወጣት ደመወዝ ስለሌለው የሚቆረጥበት የለም፤ ዕዳው ግን አለ፣ ዋናውን ዲግሪ ለማውጣትም ዕዳውን ማወራረድ ይጠየቃል። ይህን «የገንዘብ ደህንነት ማጣት» ብንለው ገንዘብ ኖሮት የተዘረፈ እናስመስለዋለን። «ኑሮው ያልተደላደለ ተመራቂ» ስንል ግን እናቱም፣ የቀበሌው ጸሐፊም፣ አጥኚውም አንድ ነገር ይሰማሉ።