ያልተነበበ ውል

«እስማማለሁ» የምትለዋን ቁልፍ ተጭኖ የማያውቅ የኢንተርኔት ተጠቃሚ ማግኘት ይቸግራል። ከቁልፏ በስተጀርባ ያለውን ረጅም የአገልግሎት ውል ያነበበ ማግኘት ደግሞ ይብሳል። ታዲያ ያልተነበበ ውል ያስራል ወይ? ጥያቄው የኮምፒዩተር ዘመን ይምሰል እንጂ እኔ ሥሩን የማገኘው ባቡር ጣቢያ ነው።

ፓርከር የተባሉ እንግሊዛዊ፣ ለንደን ቻሪንግ ክሮስ ጣቢያ 2 ፔኒ ከፍለው ቦርሳቸውን በአደራ አስቀመጡ። ቦርሳው ጠፋ። ከ24 ፓውንድ በላይ ካሳ ቢጠይቁ፣ የባቡር ኩባንያው የተቀበሉትን ወረቀት ጀርባ አሳያቸው፤ ከ10 ፓውንድ በላይ ለሚያወጣ ዕቃ ኃላፊ አይደለሁም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1877 ጉዳዩን ያየው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ዋናው ነገር ደንበኛው ማንበቡ ሳይሆን ኩባንያው በቂ ማስታወቂያ መስጠቱ ነው አለ።

እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ ሎርድ ዴኒንግ መኪና ማቆሚያ በር ላይ ትኬት የሚያወጣ ማሽን ገጠማቸው። ከማሽን ጋር ማን ይከራከራል? ትኬቱ ከመውጣቱ በፊት ያልተነገረ ግዴታ ዘግይቷል ብለው ለተጎዳው ደንበኛ ፈረዱ።

ኢንተርኔቱም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት በኔትስኬፕ ጉዳይ ላይ፣ ከማውረጃው ቁልፍ በታች ገጹን ወደ ታች ላልሳበ ሰው የማይታይ ውል ተጠቃሚውን አያስርም ሲል ወሰነ። ውሉ ፊት ለፊት ቀርቦለት «እስማማለሁ» ያለውን ግን የዚያ አገር ፍርድ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ፣ አላነበብኩም ቢልም አይሰሙትም።

የእኛስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1686፣ አንዱ ወገን የሚሠራባቸው ጠቅላላ የውል ሁኔታዎች ሌላውን የሚያስሩት አውቆ ከተቀበላቸው፣ አለበለዚያም የመንግሥት ባለሥልጣን ከደነገጋቸው ወይም ካጸደቃቸው ነው ይላል። ልብ በሉ፤ መቀበል ብቻ አይደለም፣ ማወቅም አለ። ቁልፍ መጫን መቀበልን ያሳይ ይሆናል፤ ማወቅን ግን ያሳያል ወይ?

በእኔ እምነት ሸክሙ ውሉን በጻፈው ላይ መውደቅ አለበት። ዛሬ በአደራ የምንሰጠው ቦርሳ ብቻ አይደለም፤ ፎቷችን፣ ወሬያችን፣ የውሎ አዳራችን ምስጢር ነው። ይህን ሁሉ የሚረከብ ሰው ግዴታውን በሁለት መስመር፣ በሚገባን ቋንቋ ቢነግረን ምን ይጎዳዋል? ካልነገረን፣ ዳኛ ፊት ስንቆም «መቼ አሳወቅኸኝ?» የማለት መብታችን የተጠበቀ ነው።