ሞድሮን

ሞድሮን በዌልስ የመካከለኛው ዘመን ድርሳናት የማቦን እናት ተብላ የምትጠራ ስትሆን፣ ሊቃውንት የጥንቶቹ ኬልቶች በዘመነ አረሚ ያመልኳት ከነበረችው ከእናቲቱ አምላክ ከማትሮና የወረደች መሆኗን ያስረዳሉ። ማትሮና በጎል ምድር፣ ማለት በዛሬይቱ ፈረንሳይ፣ የማርን ወንዝ አምላክ ነበረች፤ ከላንግር ከተማ አጠገብ ፈልቆ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ በፓሪስ ደጃፍ ከሴን የሚገናኘው ይህ ወንዝ ስሙን የወረሰው ከእርሷ ነው።

የእናት አማልክት አምልኮ ግን በአንድ ወንዝ የተወሰነ አልነበረም። ሮማውያን ጎልንና የራይንን ዳርቻ በገዙበት ዘመን፣ ወታደሩም ሹሙም ስእለቱን ለመክፈል ባቆመው የድንጋይ መሠዊያ ላይ ማትሮናይ የሚባሉ ሦስት እናቶች በጭናቸው ፍሬ ይዘው ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታያሉ። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ164 ዓመት ቆሞ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1928 ገደማ በቦን ከተማ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ሥር በተገኘው መሠዊያ፣ ግራና ቀኝ ያሉት ሰፊና ክብ የራስ መሸፈኛ ደፍተው ሳለ መካከለኛይቱ ጸጉሯን ለቅቃ መቀመጧ፣ እርሷ ገና ያላገባች ድንግል ናት ለማለት ይመስላል።

ሞድሮን በስም የምትነሣበት ታላቁ ድርሰት፣ በሄርግስት ቀይ መጽሐፍ የተጠበቀው የኩልሁኽና የኦልወን ታሪክ ነው። በዚህ ትረካ ማቦን በተወለደ በሦስተኛው ሌሊት ከእናቱና ከግድግዳው መካከል ተሰርቆ ደብዛው ይጠፋል። እርሱ ካልተገኘ ግን ትርኽ ትርዊዝ የተባለው አስፈሪ ከርከሮ አይታደንምና፣ የንጉሥ አርተር መልእክተኞች በዕድሜ የሸመገሉትን እንስሳት እየተከታተሉ ይጠይቃሉ። የመጀመሪያይቱ ወፍ ማታ ማታ ምንቃሯን እየሳለችበት የአንጥረኛው መስፍ አልቆ የለውዝ ፍሬ እስኪያክል ድረስ የኖረች ስትሆን፣ እርሷም፣ አጋዘኑም፣ ጉጉቱም፣ ንስሩም ስለ ልጁ ሰምተው አያውቁም፤ ወደ ግሎስተር ቅጥር መርቶ የእስር ቤቱን ልቅሶ ያሰማቸው ከሁሉ የሚያረጀው ሳልሞን የተባለው ዓሣ ነው። ልጁ በጦር ኃይል ነጻ ሲወጣ ወደ አርተር ቤት ይሄዳል እንጂ፣ ስለ እናቱ ደስታ ደራሲው አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ በእኔ ግምት ይህ ዝምታ የድርሰቱ ትልቁ ጉድለት ነው።

በሦስትዮሽ የተደረደሩት የዌልስ ምሳሌያት ደግሞ የአቫላኽ ልጅ ሞድሮን ለሬጌድ ንጉሥ ለኡሪየን ኦወይንና ሞርቪድ የተባሉትን መንታ ልጆች እንደ ወለደችለት ይናገራሉ። ስሟን ሳይጠራ ይህንኑ የሚተርክ የ16ኛው መቶ ዓመት ጽሑፍም አለ፤ የአገሩ ውሾች እየተሰበሰቡ በሚጮኹበት መሻገሪያ ማንም ሊቀርብ ባልደፈረ ጊዜ ኡሪየን ሄዶ ልብስ የምታጥብ ሴት አገኘ፤ እርሷም ከክርስቲያን ልጅ እስክትፀንስ ድረስ በዚያ እንድታጥብ የተፈረደባት የአኑን፣ ማለት የወዲያኛው ዓለም፣ ንጉሥ ልጅ ነበረች።

በኋለኞቹ የፈረንጅ ልቦለዶች የኡሪየን ሚስትና የኦወይን እናት የምትባለው ጠንቋይቱ ሞርጋን ስለሆነች፣ አያሌ ተመራማሪዎች ሁለቱን አንድ አድርገዋቸዋል። የዘር ሐረጉ መመሳሰል እውነት ቢሆንም፣ ሞርጋን የሚለው ስም ከሞድሮን በቀጥታ ሊወጣ ስለማይችል፣ የእናቲቱ ታሪክ ወደ ሌላ ሴት ተዛወረ ማለት ይሻላል።