ሐይቁን ያዳነው ነቀዝ

ስለ አንድ ነቀዝ ላውጋችሁ።

ነገሩ የሆነው አውስትራሊያ ውስጥ ነው፤ የሰሜን ምዕራብ ኩዊንስላንድ በረሃማ ምድር። እ.ኤ.አ. በ1923 ጆን ካምቤል ማይልስ የሚባል ሰው እዚያ ማዕድን አገኘ፤ በእርሳሱና በመዳቡ ዙሪያም ማውንት አይዛ የምትባል ከተማ ቆመች። ውሃ ግን ከየት ይምጣ? የላይካርት ወንዝ ዝናብ ሲጥል ይሞላል፤ ሲያባራ አሸዋ ብቻ ነው። የማዕድን ኩባንያው በ1958 በድንጋይ ሙሌት ግድብ ገደበው። ከግድቡ ኋላ የተኛውም ውሃ ሙንዳራ ሐይቅ ተባለ። ከተማዋ ከእሱ ጠጣች፤ በሐሩሩ ዋኘችበት፤ ጀልባ ቀዘፈችበት።

ኋላ አንዲት አረም ወደ ሐይቁ መጣች። ሳልቪኒያ ትባላለች፤ ለጌጥ ተብላ ከደቡብ አሜሪካ የወጣች ተንሳፋፊ ተክል። የጣናን እምቦጭ ያየ ሰው ጭንቁ ይገባዋል። ሳልቪኒያ ዘር አታፈራም፤ ቁራጯ ግን ራሱን የቻለ ተክል ይሆናል። ሲመቻት በቀናት ውስጥ እጥፍ ትሆናለች። በእጅ ቢያወጧት ስብርባሪዋ ይቀራል፤ መርዝ እንዳይረጩ ደግሞ ሰው የሚጠጣው ውሃ ነው!

ነገሩ የሚያስደንቀኝ እዚህ ላይ ነው። ተመራማሪዎች ለዓመታት ከሌላ ዘመዷ ጋር አምታተዋት ነበር፤ ስለዚህ የሚበሏትን ነፍሳት የፈለጉት ከዘመዷ ላይ ነው። ያመጧቸውም አልረቱላቸውም። የትውልድ ቦታዋ በደቡብ ምሥራቅ ብራዚል የተገኘው በ1978 ነው። እዚያ እሷኑ እየበላ የሚኖር ነቀዝ አገኙ፤ ርዝመቱ 2 ሚሊሜትር ያህል። እኛ ነቀዝን የምናውቀው በጎተራ ጠላትነቱ ነው፤ ይህኛው ግን እህል አይነካም፤ ሌላ ተክል እንዳይጎዳ አስቀድሞ ተፈትኗል። በ1980 ሙንዳራ ላይ ለቀቁት። እጮቹ ግንዷን ከውስጥ ቦረቦሩት፤ የደረሱት ቡቃያዋን ጨረሱባት። ዓመት ከጥቂት ወራት እንዳለፈ በሺህ ቶን የሚቆጠረው አረም ሞቶ ወደ ታች ሰመጠ።

ወሬው ራቅ ብሎ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ደረሰ። በሴፒክ ወንዝ ዳር ዓሣ አጥማጆች ይኸው አረም ታንኳቸውን አላንቀሳቅስ ብሏቸው፣ መንደሮች ባዶ እስከመቅረት ደርሰው ነበር። ነቀዙ ተወሰደላቸው፤ እዚያም በላው፤ ታንኳዎቹ ወደ ውሃው ተመለሱ።