ስለ አምሮትና ስለ ገበያ፤ የጃፓን ምግብ ወደ መርካቶ የደረሰበት መንገድ

አምሮት ከረኃብ የተለየ ነው። የራበው ሰው ያገኘውን ይበላል፤ ያማረው ሰው ግን አንዱን ነገር ለይቶ ይሻል፤ ሌላ ቢሰጡት አይረካም። በአገራችን ልማድ አምሮት የባለቤቱ ብቻ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ነፍሰ ጡር ሴት ያማራትን ሳታገኝ ብትቀር በሕፃኑ ገላ ላይ ምልክት ይወጣል ተብሎ ስለሚታመን፣ ባልና ጎረቤት የጠየቀችውን ፈልገው ያመጡላታል። የወጥ ሽታ የደረሰውንም ሰው ሳያቀምሱ ማሳለፍ እንደ ነውር ይቈጠራል። ከዚህም የምንረዳው አምሮት በዐይን ወይም በአፍንጫ በኩል የሚገባ ነገር መሆኑን ነው።

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል። እንግዲያውስ በሰባተኛ የሚያድግ ልጅ ጃፓንን ሳያይ፣ ስሟንም ሳያነሣ፣ በጃፓን የተፈለሰፈ ምግብ በድንገት የሚያምረው እንዴት ነው? የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ፣ አምሮቱ ድንገተኛ ቢመስልም የመጣበት መንገድ ረዥም መሆኑንና መንገዱንም የጠረገው ገበያ መሆኑን ማስረዳት ነው።

ጃፓን አስቀድማ ወደ ኢትዮጵያ የገባችው በጨርቅና በመጽሐፍ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ ወደ ጃፓን ተልከው ነበር፤ ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ገለጹ። በዚያው ዘመን የጃፓን የጥጥ ጨርቅ በርካሽነቱ ብዙ ገዢ አግኝቶ የአገሩን ገበያ ይዞ ነበር። ከተማሩት ወጣቶችም አንዳንዶቹ አገራችን የጃፓንን የሥልጣኔ ጎዳና ትከተል ይሉ ነበር። ያን ጊዜ የተፈለገው ግን የጃፓን ጥበብ እንጂ ገበታዋ አልነበረም።

አፍን ያለማመደው ሌላ እንግዳ ምግብ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ ተዛወረ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ፓስታና መኮሮኒ በከተማው ቀሩ። ሕዝቡም በበርበሬ ስልስ፣ አንዳንዴም በእንጀራ ላይ አድርጎ የራሱ አደረጋቸው። እንዲህ ሆኖ ከስንዴ ዱቄት የተሠራ ክር መሰል ምግብ ለከተሜው እንግዳነቱን አጣ።

በጃፓን ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጽኑ የምግብ እጥረት ነበር፤ ከአሜሪካም ብዙ ስንዴ ይገባ ነበር። ሞሞፉኩ አንዶ የተባለው ሰው፣ ሾርባ ያለበት የስንዴ ክር ለመብላት በኦሳካ የተሰለፈውን ሕዝብ አይቶ፣ ምግቡን በዘይት ጠብሶ የማድረቅ ዘዴ አገኘ፤ በነሐሴ 1950 ዓ.ም. ለገበያ አቀረበው። መሠረቱ ግን ከቻይና ወደ ጃፓን የገባ ምግብ ነበር። ዘዴው ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ፤ ከ1964 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በኢንዶኔዥያ ኢንዶሚ በሚባል ስም ተሸጠ። ወደ እኛ የመጣው በዚህ ስም ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ሱቆች የሚገዛው ሰው «ኢንዶሚ ስጠኝ» ይላል እንጂ ጃፓንን አያስባትም። ምግቡ ከአገር ወደ አገር ሲሻገር የትውልድ ስሙን በመንገድ ላይ ጥሏል።

የአምሮቱ ምክንያት ጣዕም ብቻ አይደለም። ለእንጀራ ሊጡ ተቦክቶ ቀናት ይጠበቃል፤ ለወጥ ሽንኩርቱ እስኪበስል ብዙ ከሰል ይነዳል። ይህ ግን በፈላ ውኃ በጥቂት ደቂቃ ይደርሳል። በአንዲት የኪራይ ክፍል ለሚኖር ሠራተኛ፣ ልጇን ለትምህርት ቤት ለምታሰናዳ እናትም ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የቅመሙ ሽታ ደግሞ በግቢው ሲናኝ የጎረቤት ልጅ ያማረዋል።

ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው። የመሶብ እንጀራ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይቈረሳል፤ ጉርሻም አለው። ኢንዶሚው ግን ለአንድ ሰው ተመጥኖ የታሸገ ነው። አሮጌው ሕግ ሽታው ለደረሰው አካፍል ይላል፤ አዲሱ ምግብ ለማካፈል አልተሠራም። የዶሮ ጣዕም አለው የሚል ጽሕፈት ያለበትም እሽግ ለጿሚው ሌላ ጥያቄ ያስነሣል።

ይሁን እንጂ እንግዳ ምግብ ሁሉ እንግዳ ሆኖ አይቀርም። የጃፓን ዋና ቀለብ የሆነው ሩዝ በፎገራ ሜዳ መዘራት ከጀመረ ወዲህ ዱቄቱ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሆኗል፤ በዚያ ለሚካሄደው የሩዝ ምርምርም ጃፓን ድጋፍ ሰጥታለች። ምጣድ ላይ የወጣው የእኛ ሆነ፤ በእሽግ የቀረው ግን ገና የገበያው ነው። ስለዚህ የባህል ተመራማሪዎች የድሮውን ምግብ ብቻ ሳይሆን ዛሬ በሰባተኛ ልጆችን የሚያምራቸውንም ሊመዘግቡ ይገባል። ልማድ የሚለወጠው በአዋጅ ሳይሆን በእንዲህ ያለ ትንሽ አምሮት ነውና።