ባሕሩ ሳሎን የገባበት መንገድ

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1666 የእንግሊዝና የሆላንድ መርከቦች በሰሜን ባሕር ላይ አራት ቀን ሙሉ በመድፍ ሲደባደቡ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ አንድ ሰው በትንሽ ጀልባ ሆኖ ወረቀትና እርሳሱን ይዞ ውጊያውን ይከታተል ነበር። ስሙ ቪለም ፋን ደ ቬልደ ነው። የሄደው ሊዋጋ ሳይሆን የትኛው መርከብ የት እንደቆመ፣ የማን ምሰሶ እንደተሰበረ፣ ጭሱ ወዴት እንደነፈሰ ሊነድፍ ነው። የእሱን ንድፍ እየተቀበለ በቀለም ባሕር የሚያደርገው ደግሞ ስመ ሞክሼ ልጁ ቪለም ነበር።

በ1672 ፈረንሳይ ሆላንድን ስትወር የአገሪቱ የሥዕል ገበያ ተንኮታኮተ። አባትና ልጅ ጓዛቸውን ጠቅልለው ለንደን ገቡ፤ ያውም እንግሊዝና ሆላንድ እንደገና ጦር በተማዘዙበት ሰዓት። የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ግን ቂም አልያዘም። በ1674 ለአባትየው ውጊያ እንዲነድፍ፣ ለልጅየው ንድፉን ቀለም እንዲያለብስ ለእያንዳንዳቸው በዓመት 100 ፓውንድ ቆረጠላቸው፤ ግሪኒች በሚገኘው የንግሥቲቱ ቤትም የሥራ ክፍል ሰጣቸው።

እንዲህ ያለውን የዘይት ቀለም ሥዕል ግን ማን ይገዛዋል? በሆላንድ እንኳ ነገሩ ሌላ ነበር፤ በ1640 አምስተርዳምን የጎበኘው እንግሊዛዊው ፒተር መንዲ ዳቦ ጋጋሪውም፣ ሥጋ ሻጩም፣ አንጥረኛውም ሥዕል እንደሚሰቅሉ አይቶ በመገረም ጽፏል። በእንግሊዝ ግን የባሕር ሥዕል የንጉሥ፣ የአድሚራልና የባላባት ግድግዳ ጌጥ ነበር። ለቀረው ሕዝብ የደረሰው በኅትመት ነው።

በ1720ዎቹ ኤላይሻ ከርካል የሚባል የለንደን ቀራጭ የፋን ደ ቬልደን ሥዕሎች በሜዞቲንት ዘዴ አሳተመ። በዚህ ዘዴ መጀመሪያ የመዳቡ ሰሌዳ በባለ ጥርስ መሣሪያ ዳር እስከ ዳር ይሻከራል፤ በዚያው ቢታተም ወረቀቱ ድፍን ጥቁር ይሆናል። ከዚያ ቀራጩ ብርሃን የሚፈልግበትን ቦታ እየፋቀ ያለሰልሳል፤ ደመናው፣ የማዕበሉ ጫፍና የመድፉ ጭስ እንዲያ ይወጣሉ። ክፋቱ፣ ሻካራው በማተሚያው ክብደት ቶሎ ይሟሽሻል፤ የኋለኞቹ ቅጂዎች እየደበዘዙ ይመጣሉ። ከርካል ቀለሙን አረንጓዴ አደረገው። ባሕር ይምሰል ብሎ ይሆናል፤ ለገበያም ጥሩ ዘዴ ነው።

ከእነዚህ አረንጓዴ ወረቀቶች አንዱ የለንደን ፀጉር አስተካካይ ልጅ በሆነው በጆሴፍ ተርነር እጅ ገባ። ሰዓሊ ያደረገኝ ይህ ነው ይል እንደነበር የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ዎልተር ቶርንበሪ ያወሳል። ቶርንበሪ ወሬ ማጣፈጥ ይወዳልና ሁሉን ማመን አይቻልም። ሆኖም በ1801 ተርነር የብሪጅዋተር መስፍን ከነበረው የፋን ደ ቬልደ ሥዕል ጎን የሚሰቀል ትልቅ የባሕር ሥዕል በትእዛዝ መሥራቱ የተረጋገጠ ነው።

ተርነር በ1839 ለሕዝብ ያሳየው «ተዋጊዋ ቴሜሬር» ደግሞ በተራው ወደ ኅትመት ተመለሰ። ባለ 98 መድፏ የጦር መርከብ ቴሜሬር በ1805 በትራፋልጋር ተዋግታ፣ በ1838 ለፍርስራሽ ተሸጣ በቴምዝ ወንዝ ላይ እየተጎተተች ሄደች። ተርነር ሥዕሉን ለመሸጥ እምቢ አለ። እንግዲህ ለወዳጅ የቀረው ጄምስ ዊልሞር ቀርጾ በ1845 ያወጣው ኅትመት ነበር። በዚያን ጊዜ ቀራጮች ከመዳብ ወደ ጠንካራው የብረት ሰሌዳ ዞረው ስለነበር፣ ከአንድ ሰሌዳ ሺህ በሺህ ቅጂ ማውጣት ተችሏል። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ መንግሥት አንድ ምዕተ ዓመት ሙሉ በመስታወት ላይ በክብደት ሲሰበስብ የቆየውን ቀረጥ አነሣ። የዘይት ሥዕል ያለ መስታወት ይሰቀላል፤ ወረቀት ግን ያለ መስታወት ለአቧራና ለጥላሸት ሲሳይ ነው። በእኔ ግምት ባሕሩን ተራ ሰው ቤት ለማስገባት ይህ የቀረጥ ውሳኔ ከብዙ ሰዓሊዎች ጥበብ ያላነሰ ሠርቷል።

የዊልሞር ኅትመት ዝነኛውን የፀሐይ መጥለቂያ በጥቁርና በነጭ አስቀረው። ቀራጩ በዚህ አልበቃውም፤ ተርነር የጎታቿን ጀልባ ጭስ ማውጫ ከምሰሶዋ ፊት አድርጎ ስሎት ነበርና፣ የመርከብ አሠራር እንዲህ አይደለም ብሎ ወደ ኋላ አዛወረው። አስቂኙ ነገር፣ ትልቁን ውሸት አልነካም። ቴሜሬር ስትጎተት ምሰሶዎቿ ተነቅለው ነበር፤ ጎታቾቹም ሁለት ነበሩ። ተርነር ግን ምሰሶዎቿን መልሶ አቁሞ ለአንድ ጀልባ ሰጥቷታል።

ዛሬ በፍሬም የሚሸጡት ባለ ቀለም ቅጂዎች ለንደን ናሽናል ጋለሪ ካለው ሸራ ፎቶግራፍ የተነሡ ናቸው። አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ቦታ ጥቁርና ነጭ ቴሜሬር ካጋጠመዎት ግን ጎታቿን ጀልባ ቀረብ ብለው ይመልከቱ፤ ጭስ ማውጫው ከምሰሶው ኋላ ከሆነ፣ ያገኙት የዊልሞርን እርማት ነው።